ፍርድ ቤት ሕግን መሻር በማይችልበት አገር የሰብዓዊ መብት ጥበቃ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የዚህ አገር ፍርድ ቤቶች ፓርላማው ያወጣው ሕግ ሰብዓዊ መብትን ይጥሳል ብለው ቢያምኑ እንኳ ሕጉን መሻር አይችሉም ሲባል ሰምቼ ተገረምሁ። ይህ እውነት ከሆነ የሰብዓዊ መብት ሕጉ ምን ይጠቅማል? በተለይ ዜግነት ለሌለውና ድምፅ ለማይሰጥ ሰው ምን ዋስትና ይሆነዋል?

ምላሽ፦ የሰሙት ትክክል ነው፤ ከእርሱ ተነስተው የደረሱበት ጥርጣሬ ግን በከፊል ብቻ ትክክል ይመስለኛል። የእንግሊዝ ዳኛ የፓርላማን ሕግ ሊሽር አይችልም። ይሁን እንጂ ካለፈው ሩብ ምዕት ዓመት ወዲህ ፍርድ ቤቶች መብት ይጥሳሉ ብለው የመጨረሻ ውሳኔ ከሰጡባቸው ሕጎች የሚበዙት፣ አንዳንዶቹ ፈጥነው ሌሎቹ ዘግይተው፣ በራሱ በፓርላማው ወይም በመንግሥት እጅ ተለውጠዋል። ይህ ለምን እንደሚሆንና የት ላይ እንደሚሰናከል ማየት ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።

ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የላትም። ከአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት የንጉሥና የፓርላማ ትግል የተወረሰው መሠረተ ሐሳብ፣ ንጉሡም ዳኛውም ለፓርላማው ሕግ ይገዛሉ የሚል ነው። በዚህም የተነሳ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት በ1950 ሮም ላይ ሲፈረም፣ በማርቀቁ ሥራ እንደ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ያሉ የብሪታንያ የሕግ ሰዎች ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ አገሪቱም በ1951 ስምምነቱን በማጽደቅ ቀዳሚ ብትሆንም፣ ሰነዱ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የአገር ውስጥ ሕግ ሳይሆን ቆየ። መብቴ ተጣሰ የሚል ሰው በአገር ውስጥ ያለውን የክርክር ደረጃ ሁሉ ጨርሶ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት፤ ይህ በር ራሱ ለብሪታንያ ነዋሪዎች የተከፈተው በ1966 ነው። መንግሥት በ1997 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ እንዳመነው፣ ይህ መንገድ በአማካይ አምስት ዓመት የሚፈጅና 30,000 ፓውንድ የሚያስወጣ ነበር። በ1998 ጸድቆ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ የጸናው የሰብዓዊ መብቶች ሕግ የወጣው ይህን ርቀት ለማሳጠር ነው። ብዙ ሰው ስለሚያደናግረው አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፦ የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት የአውሮፓ ኅብረት ተቋም አይደለም። የ46 አገሮች ማኅበር የሆነው የአውሮፓ ምክር ቤት አካል ነው፤ ስለዚህ ብሪታንያ በ2020 ከኅብረቱ ስትወጣ ከዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣን አልወጣችም።

አሁን ወደ ሕጉ አሠራር እንምጣ። አንቀጽ 3 ዳኛው ማናቸውንም ሕግ በተቻለ መጠን ከስምምነቱ መብቶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጉም ያዛል። ይህ ሲታይ ተራ የአተረጓጎም መመሪያ ይመስላል፤ ሲሠራበት ግን ብርቱ መሣሪያ ነው። የ1977ቱ የኪራይ ሕግ ተከራዩ ሲሞት አብሮት እንደ ባልና ሚስት ይኖር የነበረ ሰው በቤቱ የመቆየት መብት እንዲወርስ ይፈቅድ ነበር። በ2004 የመጨረሻው ፍርድ ቤት ይህ ድንጋጌ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን አጋሮችም እንደሚጨምር አድርጎ ተረጎመው፤ ሕግ አውጪው ድንጋጌውን ሲያወጣ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳልነበረው ማንም የሚያውቀው ነው። ሕጉ አልተሻረም፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። ሕጎችን መሻር የማይችል ዳኛ ደካማ ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ የምጠራጠረው ከዚህ ጀምሮ ነው።

የሕጉ ቃል በምንም መንገድ ለእንዲህ ያለ ትርጉም የማይመች ሲሆን አንቀጽ 4 ይመጣል። ከፍ ያሉት ፍርድ ቤቶች ሕጉ ከስምምነቱ ጋር አይጣጣምም የሚል መግለጫ መስጠት ይችላሉ። መግለጫው የሕጉን ተፈጻሚነት አያስቀርም፤ የረታው ተከራካሪም በዚያ ቀን የሚያገኘው ነገር ላይኖር ይችላል። ከ2000 ወዲህ የተሰጡት መግለጫዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ አሥር ያህሉ በይግባኝ ተሽረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያሳየው የቤልማርሽ ታሳሪዎች ጉዳይ ስለሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ፓርላማው በችኮላ ያጸደቀው የጸረ ሽብር ሕግ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሽብር የጠረጠራቸውን፣ ነገር ግን ማሰቃየት ይጠብቃቸዋል በሚል ስጋት ወደ አገራቸው ሊመልሳቸው ያልቻለውን የውጭ ዜጎች፣ ያለ ክስና ያለ ጊዜ ገደብ እንዲያስር ሥልጣን ሰጠው። መንግሥትም የሕዝቡን ህልውና የሚያሰጋ ሁኔታ ተፈጥሯል በማለት፣ የግለሰብን ነጻነት ከሚደነግገው ከስምምነቱ አንቀጽ 5 ግዴታ በዚህ ረገድ ለጊዜው ራሱን አወጣ። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በሚገኘው የቤልማርሽ ወህኒ ቤትና በሌሎችም ሥፍራዎች ሰዎች ለምን እንደታሰሩ በቂ ማስረጃ ሳያዩ ዓመታት ቆዩ። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ወደነበረው የጌቶች ምክር ቤት የይግባኝ ችሎት ሲደርስ፣ እንደተለመደው አምስት ሳይሆን ዘጠኝ ዳኞች ተሰየሙ፤ ዲሴምበር 16 ቀን 2004ም ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ በመንግሥት ላይ ፈረዱ።

የፍርዱ ምክንያት ቀላልና የማያፈናፍን ነበር። ስጋቱ ከውጭ ዜጎች ብቻ የሚመጣ ካልሆነ፣ በዚያው ደረጃ የሚጠረጠር የብሪታንያ ዜጋም ሳይታሰር መኖር ከቻለ፣ የውጭ ዜጋውን ማሰር ለጸጥታ የግድ አስፈላጊ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ታሳሪው ሌላ የሚቀበለው አገር ካገኘ ወጥቶ መሄድ ይፈቀድለት ነበር፤ እውነት አደገኛ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይፈቀዳል? ስለዚህ ሕጉ ከሚገባው በላይ የሄደና በዜግነት የሚያዳላ ሆኖ ተገኘ። ሎርድ ሆፍማን ከሌሎቹም አልፈው፣ ለሕዝቡ ህልውና እውነተኛው አደጋ ሽብርተኝነት ሳይሆን እንዲህ ያሉ ሕጎች ናቸው እስከ ማለት ደረሱ።

ታሳሪዎቹ በዚያ ዕለት አልተፈቱም፤ ዳኞቹም ፍቱ ብለው የማዘዝ ሥልጣን አልነበራቸውም። ሆኖም ሕጉ በየጊዜው መታደስ የሚያስፈልገው ስለነበር፣ መንግሥት በዳኞች እንዲህ የተነቀፈ ሕግ ለማደስ ፓርላማ ፊት መቆም አልፈለገም፤ በማርች 2005 ይህ የማሰር ሥልጣን ቀርቶ፣ የተጠርጣሪን እንቅስቃሴ በሚገድብ የቁጥጥር ትእዛዝ ሥርዓት ተተካ። ይህም ቢሆን ንጹሕ ድል አይደለም። አዲሱ ሥርዓት ዜጋንም የውጭ ዜጋንም እኩል የሚመለከት ሆነ ማለት፣ አድልዎው የተወገደው ክልከላውን ለሁሉም በማዳረስ ጭምር ነው። በ2007 ያው ፍርድ ቤት በቀን ለ18 ሰዓት ቤት ውስጥ መዋልን የሚያስገድድ ትእዛዝ እስራት እንጂ ቁጥጥር አይደለም ብሎ ወሰነ፤ በ2011 ሥርዓቱ በሙሉ ለዘብ ባለ ሌላ ሕግ ተለወጠ። የስትራስቡርግ ፍርድ ቤትም በ2009 የታሳሪዎቹን መብት መጣስ አረጋግጦ ካሳ ወሰነላቸው፤ ገንዘቡ ግን ጥቂት ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር።

መንግሥት፣ ሕግን መሻር የማይችለውን ፍርድ ቤት ለምን ሰማ? በመጀመሪያ፣ ከመግለጫው ጀርባ ስትራስቡርግ አለ፤ መግለጫውን ችላ ያለ መንግሥት በዓለም አቀፍ ሕግ አስገዳጅ በሆነ ፍርድ እንደሚረታ አስቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይመዝናል ብዬ አምናለሁ፦ ከሁለቱም ምክር ቤቶች የተውጣጣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ፣ ነጻ የጠበቆች ማኅበር፣ ፍርዱን የሚያነብ ጋዜጠኛና ነገ በምርጫ ሊሸነፍ የሚችል ሚኒስትር ባሉበት አገር፣ የበላይ ዳኞች በጽሑፍ ያሰፈሩት ነቀፋ ዋጋ ያስከፍላል። ይህ ዋጋ በሌለበት አገር ደግሞ ሕግ የመሻር ሥልጣን ብቻውን ብዙ አያድንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1803 ጀምሮ ሕግን የመሻር ሥልጣን አለው፤ ሆኖም 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹም የአገሪቱ ዜጎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ሲታጎሩ፣ በ1944 ከመኖሪያቸው እንዲለቁ ያዘዘውን ትእዛዝ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ለነገሩ የብሪታንያ ዳኞችም በ1941 በተመሳሳይ ጦርነት ጊዜ ለሚኒስትሩ የማሰር ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ተንበርክከዋል፤ የተቃወሙት ሎርድ አትኪን ብቻ ነበሩ። በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ለፍርድ ቤት አይደለም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ከዳኛ ውጭ መሆኑ ብቻውን ስለ ጥበቃው ጥራት ብዙ አይነግረንም።

ጥያቄዎ ያተኮረው ሕግን በመሻር ላይ ስለሆነ፣ በዕለት ተዕለት ሕይወት ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ። እርሱም አንቀጽ 6 ነው። ፖሊስ፣ ወህኒ ቤት፣ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የአካባቢ መስተዳድርና ሌላም ማንኛውም የመንግሥት አካል፣ ሕግ ካላስገደደው በስተቀር፣ የስምምነቱን መብቶች የሚጥስ ሥራ ቢሠራ ሕገ ወጥ ነው። እዚህ ላይ መግለጫ አይደለም የሚሰጠው፤ ውሳኔው ይሻራል፣ ካሳም ሊከፈል ይችላል። በለንደን አንድ የታክሲ ነጂ ለዓመታት ሴት ተሳፋሪዎችን በመድኃኒት እያደነዘዘ ጥቃት ሲፈጽም፣ ፖሊስ የቀረቡለትን አቤቱታዎች በቅጡ አልመረመረም ነበር። ነባሩ የእንግሊዝ ሕግ ፖሊስን በምርመራ ቸልተኝነት እንዲከሰስ በአብዛኛው አይፈቅድም። ሁለት ተጠቂዎች ግን በሰብዓዊ መብቶች ሕግ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው የስምምነቱ አንቀጽ 3 ከባድ ወንጀልን በአግባቡ የመመርመር ግዴታን እንደሚጨምር አረጋግጦ ለሴቶቹ ፈረደ። ይህ ሕግ ለወንጀለኞችና ለስደተኞች ብቻ የቆመ ነው እያሉ የሚጽፉ ጋዜጦች ይህን ጉዳይ ሲያነሱት ብዙም አላይም።

አሁን ወደ ደካማው ጎን። የሥርዓቱ ጉልበት በፖለቲካዊ ዋጋ ላይ ከተመሠረተ፣ ብዙኃኑ የማይወደው ሰው መብት ሲነሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ እንዲያውም ፍርዱን አለማክበር ለፖለቲከኛው ትርፍ ይሆንለታል። በ2005 የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸውን እስረኞች ሁሉ በጅምላ ድምፅ ከመስጠት መከልከል ስምምነቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ፍርዱ ሁሉም እስረኛ ይምረጥ አላለም፤ ክልከላው ያለ ልዩነት መሆኑን ነበር የተቃወመው። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ምክር ቤት ግን በፌብሩዋሪ 2011 በ234 ድምፅ ለ22 ክልከላውን ደገፈ። ጉዳዩ የተዘጋው ፍርዱ ከተሰጠ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ሕጉ ሳይነካ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ ከወህኒ የወጡ ጥቂት እስረኞች እንዲመርጡ በሚፈቅድ የአስተዳደር መመሪያ። ይህን ውጤት እንደ መግባባት የሚያደንቁ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ፍርዱ ተፈጸመ ለማለት ይከብደኛል።

ዜግነት የሌለው ሰው ጉዳይ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በሕጉ ቃል ረገድ ጥርጥር የለም፤ የስምምነቱ አንቀጽ 1 መብቶቹን የሚሰጠው በአገሩ ሥልጣን ሥር ላለ ለማንኛውም ሰው ነው። ለስደተኛ ትልቁ ምሽግ አንቀጽ 3 ነው። የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት በ1996 በቻሃል ጉዳይ፣ ማሰቃየት ወይም ኢሰብዓዊ አያያዝ በእርግጥ ወደሚያሰጋበት አገር ማንንም መላክ እንደማይቻል፣ ግለሰቡ ለአገር ጸጥታ አደገኛ ነው መባሉም ይህን እንደማይለውጠው ወሰነ። ከዚህ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት መውጫ የፈለገው ከተቀባይ አገሮች የዋስትና ቃል በመቀበል ነበር፤ በ2008 ከኢትዮጵያ ጋርም እንዲህ ያለ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል። የወረቀት ዋስትና ሲቀርብ ዳኛው ማን ይከታተለዋል፣ ቢጣስስ ማን ይናገራል ብሎ እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ይመረምራል እንጂ በፊርማው ብቻ አያምንም።

ለእኛ አካባቢ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው የሂርሲ ጉዳይ ነው። በሜይ 2009 የጣሊያን መርከቦች ከላምፔዱዛ በስተደቡብ በባሕር ላይ ያገኟቸውን 200 ያህል ሰዎች ማንነታቸውን እንኳ ሳይጠይቁ ትሪፖሊ አውርደው ለሊቢያ ባለ ሥልጣናት አስረከቡ። ከእነርሱ መካከል 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ከሰሱ። ጣሊያን ነገሩ የተፈጸመው ከግዛቴ ውጭ ነው ብትልም፣ የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2012 በመርከቡ ላይ ሥልጣን የነበራት ጣሊያን ናት ብሎ በሙሉ ድምፅ ፈረደባት፤ ለእያንዳንዳቸውም 15,000 ዩሮ ወሰነ። የተከተለው ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል፦ የጣሊያን መርከብ ሰዎችን ወደ ሊቢያ መመለስ ሲከለከል፣ የአውሮፓ መንግሥታት የሊቢያን የባሕር ጠባቂ እያሠለጠኑና እያስታጠቁ ያንኑ ሥራ እርሱ እንዲሠራላቸው አደረጉ። ፍርድ በደንብ ሲከበር እንኳ መንግሥት ዙሪያውን መሄጃ ሊያገኝለት ይችላል።

የሩዋንዳው ዕቅድ ደግሞ የሥርዓቱን ብርታትም ድካምም በአንድ ላይ አሳይቷል። ብሪታንያ በኤፕሪል 2022 ተገን ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ ተስማማች፤ በጁን የመጀመሪያው አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት በሰጠው ጊዜያዊ እግድ ምክንያት በረራው ተሰረዘ። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው አሉ፤ ሩዋንዳ የተቀበለቻቸውን ሰዎች ወደ ሸሹበት አገር ልትመልስ ትችላለች የሚለው ስጋት በማስረጃ የተደገፈ ነበር። ከማስረጃዎቹ አንዱ ቀደም ሲል በእስራኤልና በሩዋንዳ መካከል የነበረው ስምምነት ነው፤ በእርሱ መሠረት ከእስራኤል የተላኩ ሰዎች ጥበቃ እንደሚያገኙ ቃል ቢገባላቸውም በድብቅ ወደ ኡጋንዳ ይሻገሩ ነበር። ፓርላማው በኤፕሪል 2024 የሰጠው ምላሽ ሩዋንዳ ደኅንነቷ የተጠበቀ አገር መሆኗን በሕግ መደንገግ ሆነ፤ ዳኞች ሌላ ማስረጃ እንዳያዩ ከለከለ፣ የሰብዓዊ መብቶች ሕጉንም ዋና ዋና ድንጋጌዎች ለዚህ ጉዳይ አገደ። አንድ ፍርድ ቤት በማስረጃ ያረጋገጠውን ፍሬ ነገር በሕግ መገልበጥ ከፓርላማ የበላይነት ዳር ድንበር የሚደርስ ነገር ነው። የሚገርመው፣ የአለመጣጣም መግለጫ የመስጠት ሥልጣን ሳይነካ ቀረ፤ ነገር ግን በእርሱ ከመሞከሩ በፊት በጁላይ 2024 ምርጫ መንግሥት ተለወጠና ዕቅዱ ተሰረዘ። ስለዚህ ነገሩን በመጨረሻ ያቆመው ዳኛ ሳይሆን የምርጫ ሣጥን ነው፤ የሚላኩት ሰዎች ደግሞ በዚያ ሣጥን ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ጥርጣሬዎ በከፊል ትክክል ነው ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም ወዲህ ከስምምነቱ ጭራሽ እንውጣ የሚለው አቋም ከዳር ወደ መሐል ፖለቲካ መጥቷል።

ጥያቄዎ ከራስዎ ወይም ከዘመድዎ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ከክርክሩ ጥንካሬ በፊት ይርጋውን ይመልከቱ። በአንቀጽ 6 መሠረት የመንግሥት አካልን ለመክሰስ ጊዜው በመርህ ደረጃ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ነው፤ ዳኛው ሊያራዝመው ቢችልም በዚህ መተማመን አይገባም። ጉዳዩ ውሳኔን በፍርድ ማስመርመር ከሆነ ግን ሳይዘገዩ፣ ቢበዛ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ወደ ስትራስቡርግ የሚሄድ ሰው በአገር ውስጥ ያለውን መንገድ ጨርሶ፣ ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ በአራት ወር ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ቀድሞ የነበረው ስድስት ወር ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ አጥሯል፤ ከሚቀርቡት አቤቱታዎችም እጅግ የሚበዙት በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃሉ። የመንግሥት የጥብቅና ድጋፍ ከ2013 ጀምሮ ለአብዛኛው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ቀርቷል፤ ለጥገኝነት ጥያቄ ግን አልቀረም፤ ለቀሩትም ጉዳዮች ቢሆን ድጋፉን መንፈግ ራሱ የስምምነቱን መብት የሚጥስ ከሆነ በልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድ ጠበቃዎ ሊያመለክት ይችላል።